በ7 ሳምንት አለቀ፣ በ3 ዓመት ተጨረሰ፦ የአንድ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የጉዳይ ጥናት

የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ጀምሮ መጨረስ ያቃተው ሰው የሚያቀርበው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ጊዜ። "አንድ ዓመት ብቻ ከሥራ ነፃ ብሆን እጨርሰው ነበር" ይላል። ምክንያቱ ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። ቀጥሎ የቀረበውን ጉዳይ ለጥናት የመረጥነው ለዚህ ነው። ደራሲዋ "ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ" የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈችው አሜሪካዊቷ ሃርፐር ሊ ናት። የተመኘችውን ዓመት በእጇ አገኘች፤ ረቂቁንም በሳምንታት ውስጥ ጻፈች። መጽሐፉ ግን ለመጨረስ ገና ወደ 3 ዓመት ይቀረው ነበር። በዚያ መሃል የሆነው ነገር ጀማሪን የሚይዙት ችግሮች ሁለት እንደሆኑ፣ የአንዱ መድኃኒትም ለሌላው እንደማይሆን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ሰባት ዓመት ያለ ረቂቅ

ሃርፐር ሊ በ1926 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሞንሮቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ ጠበቃ ነበሩ። እሷም ሕግ ጀምራ ሳትመረቅ አቋረጠችና ደራሲ እሆናለሁ ብላ በ1949 ኒውዮርክ ገባች። ለእንጀራዋ በአየር መንገድ ቢሮ የመንገደኞችን ቦታ የምታስይዝ ሠራተኛ ሆነች፤ መጀመሪያ በኢስተርን፣ ኋላ በእንግሊዙ ቢ.ኦ.ኤ.ሲ.። የምትጽፈው ከሥራ በተረፈ ሰዓት ነበር። በ1956 መገባደጃ ለደራሲያን ወኪሉ (የደራሲያንን ጽሑፍ ለአሳታሚ የሚያቀርብ ሰው) ለሞሪስ ክሬን ይዛለት የሄደችው ጥቂት አጫጭር ልብ ወለዶችን ነው። ክሬንም ረጅም ልብ ወለድ እንድትሞክር መከራት።

ከዚያ የ1956 ገና መጣ። ወዳጆቿ ማይክልና ጆይ ብራውን በገና ዛፋቸው ላይ በስሟ አንድ ፖስታ ሰቀሉላት። በውስጡ የነበረው መልእክት ከሥራዋ የአንድ ዓመት ዕረፍት እንዳላት፣ የፈለገችውን እንድትጽፍና መልካም ገና እንዲሆንላት የሚገልጽ ነበር። ወጪዋን የሚችሉት እነሱ ናቸው። እሷ ራሷ በ1961 በአንድ መጽሔት ላይ እንደጻፈችው፣ ትልቅ ቁማር ነው ብላ ስትደነግጥ ማይክል የመለሰላት እርግጠኛ የሆነ ነገር ነው በማለት ነበር።

የሆነውን ተመልከቱ። ጃንዋሪ 1957 አጋማሽ ላይ የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች ያህል ለክሬን አስረከበች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወደ 50 የሚጠጉ ገጾች እየጨመረች በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሙሉውን ረቂቅ ሰጠችው። ሰባት ዓመት ያልመጣ ነገር በ7 ሳምንት ግድም መጣ። እዚህ ድረስ "ጊዜ ባገኝ" የሚለው ሰው ትክክል ነው።

ይሁንና ሥራውን የሠራው ጊዜው ብቻ አይደለም። የርክክቡ ሥርዓት ትልቅ ድርሻ አለው። ብዙ ጀማሪ የሚጠፋው ምዕራፍ አንድ ላይ ነው፤ አምስተኛው ምዕራፍ ሳይወለድ የመጀመሪያውን አሥር ጊዜ ያሻሽላል። ሊ ግን የሳምንቱን ገጾች ከእጇ አውጥታ ለሌላ ሰው ሰጥታለች፤ የተሰጠ ገጽ አይነካካም። ይህን ያለ ወኪልም ማድረግ ይቻላል። የሳምንቱን ገጾች ዘወትር ቅዳሜ በቴሌግራም ወይም ታትሞ የሚቀበል አንድ ወዳጅ በቂ ነው። አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፦ ወዳጁ ረቂቁ እስኪያልቅ አስተያየት አይሰጥም። "ደርሶኛል" ከማለት በቀር ቃል አይተነፍስም። በዚህ ደረጃ የሚሰጥ አስተያየት፣ ምስጋናም ቢሆን፣ ጸሐፊውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ረቂቁ ምን ነበር፣ ምን ጎደለው

ይህ ረቂቅ "ጎ ሴት ኤ ዎችማን" ይባል ነበር። ርእሱ ከትንቢተ ኢሳይያስ 21፥6 የተወሰደ ነው፤ በእኛው መጽሐፍ ቅዱስ "ሂድ፥ ጉበኛም አቁም" የሚለው። ባለታሪኳ ጂን ሉዊዝ የ26 ዓመት ወጣት ናት፤ ከኒውዮርክ ተነሥታ አባቷን አቲከስን ልትጠይቅ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ሜይኮም ትመጣለች። ዘመኑ 1950ዎቹ ነው፤ ትረካው በሦስተኛ መደብ ነው። የልጅነት ትዝታዋ በየመሃሉ ይገባል። አባቷ አንድን ጥቁር ተከሳሽ ተከራክሮ ነፃ ማስወጣቱ ያለፈ ነገር ሆኖ በአጭሩ ይነሣል።

ረቂቁ በመጨረሻ ሊፒንኮት የተባለው አሳታሚ ዘንድ ደረሰና አርታኢዋ ቴይ ሆሆፍ እጅ ገባ። ሆሆፍ ከዓመታት በኋላ የጻፈችው ግምገማ ለማንኛውም ጀማሪ ይጠቅማል። የእውነተኛ ጸሐፊ ብልጭታ በየመስመሩ ይታያል ብላለች። ነገር ግን ጽሑፉ በሚገባ የተጠነሰሰ ልብ ወለድ ከመሆን ይልቅ የተከታተሉ ወጎች ስብስብ ሆኖባታል። የታሪኩ ክሮች ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ አንድነት የለውም፤ መጀመሪያው መጨረሻውን በሆዱ አልያዘም።

ከዚህ የምንረዳው ችግሩ የቋንቋ እንዳልነበረ ነው። ቋንቋው ጥሩ ነው፤ ለዚህም ነው ጸሐፊው ራሱ ጉድለቱን ማየት የሚያቅተው። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ሲነበብ ያስደስታል፤ 200 ገጽ ሲሆን ግን አንባቢው ለምን እንደሚቀጥል አያውቅም። ጸሐፊውም ይህን በስሜቱ ያውቀዋል፣ ስሙን አያውቀውም። "ድርቀት መታኝ" የሚለው ያኔ ነው። ደክሞት ወይም ችሎታ አጥሮት ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን መጨረሻው መጀመሪያው ውስጥ ስላልተቀበረ ቆፍሮ የሚያወጣው ነገር ማጣቱ ነው።

ይህን ሕመም በራስ ረቂቅ ላይ ለመለየት አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ አለ። ረቂቁን አትሞ ያለ እስክሪብቶ አንድ ጊዜ ማንበብ። ከዚያ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ መስመር መስጠትና ሦስት ነገር መጻፍ፦ ማን ምን ፈለገ፣ ምን አገደው፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ምን ተለወጠ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ የሆነበት ምዕራፍ ወግ ነው። ቀጥሎ ሁለት ምዕራፎችን ቦታ አለዋውጦ ማየት፤ 6ኛውን 9ኛ ላይ ብናደርገው የሚናጋ ነገር ከሌለ ምዕራፎቹ ተደረደሩ እንጂ አልተያያዙም። ከ20 ምዕራፍ 3 ወይም 4 ብቻ እንዲህ ከሆኑ መቁረጥና ማጋጠም ያድናቸዋል። ግማሹ እንዲህ ከሆነ ግን ጥገና አይሠራም፤ የሚያዋጣው አዲስ ረቂቅ ነው። ጀማሪዎች ዓመታት የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ መሠረት የሚፈልገውን ቤት ቀለም እየቀቡ ይቆያሉ።

መሃሉን ማንቀሳቀስ

በ1957 ጸደይ ሊ ስለ ልጅነት የሚተርክ ሌላ ጅምርም ለወኪሏ ሰጥታው ነበር፤ 111 ገጽ ያህል። እጇ ወደዚያ ይሳብ እንደነበር ያሳያል። ሆሆፍም ከረቂቁ ውስጥ ልቧን የወሰዱት የልጅነት ትዝታዎቹ ነበሩና ታሪኩን በሕፃኗ ዐይን እንድትጽፈው አሳመነቻት። ሊ በ2015 በሰጠችው መግለጫ፣ ጀማሪ ደራሲ ስለነበርሁ የተባልሁትን አደረግሁ ብላለች። ሆሆፍ የምታስታውሰው ግን ትንሽ ይለያል፦ በማይስማሙበት ጉዳይ አንዳንዴ ለሰዓታት ይከራከሩ ነበር፤ አንዳንዴ ሊ ትረታለች፣ አንዳንዴ ሆሆፍ፤ አንዳንዴ ደግሞ ክርክሩ ሁለቱም ያላሰቡትን መንገድ ይከፍታል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ትልቁ ምክር በመታዘዝ የተወሰደ ነው፤ በዝርዝሩ ግን ደራሲዋ እጅ አልሰጠችም።

በ1960 "ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ" ተብሎ የወጣው መጽሐፍ ከመጀመሪያው ረቂቅ በአራት ነገር ይለያል። መቼቱ ወደ 1930ዎቹ፣ ወደ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ተመለሰ። ተራኪዋ "እኔ" የምትል ሆነች፤ ታሪኩ ሲጀምር 6 ዓመት ሊሞላት የተቃረበችው ስካውት (የጂን ሉዊዝ የልጅነት መጠሪያ)፣ ከአዋቂነቷ ወደ ኋላ እያየች። በአጭሩ ያለፈው የፍርድ ቤት ጉዳይ የመጽሐፉ እምብርት ሆነ፤ ከ31 ምዕራፎች ውስጥ ችሎቱ ከ16ኛው ተነሥቶ እስከ 21ኛው ይዘልቃል። ተከሳሹም ነፃ አይወጣም፣ ይፈረድበታል። ይህ አንድ ለውጥ ብቻ ስንት ነገር እንደሚጎትት አስቡት፤ ነፃ የወጣ ተከሳሽ ታሪኩን ይዘጋዋል፣ የተፈረደበት ተከሳሽ ግን ከዚያ በኋላ ለሚመጡት 10 ምዕራፎች ነዳጅ ይሆናል።

አራተኛው ለውጥ ለእኛ ትልቁ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ያልነበረ ሰው መጣ፦ ከቤቱ የማይወጣው ጎረቤት ቡ ራድሊ። መጽሐፉ የሚከፈተው የስካውት ወንድም ጄም ወደ 13 ዓመቱ ሲጠጋ ክንዱ ክፉኛ እንደተሰበረ በመንገር ነው። እንዴት እንደተሰበረ የምናየው መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያኔ ቡ ራድሊ ከቤቱ ይወጣል። "መጀመሪያው መጨረሻውን አልያዘም" ለሚለው ትችት ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። በረቂቁ ላይ የተጣበቀ ማሻሻያም አይደለም፤ ከመጀመሪያው መስመር የሚጀምር አዲስ ሕንፃ ነው።

ተራኪ መለወጥ በአማርኛ

ይህን መንገድ የሚከተል የአማርኛ ጸሐፊ እንግሊዝኛ ጸሐፊውን የማያጋጥመው ችግር አለበት። ሦስተኛ መደብን ወደ ሕፃን አንደኛ መደብ መለወጥ "እሷ"ን "እኔ" በማድረግ አያበቃም። አዋቂ ተራኪ እንዲህ ሊል ይችላል፦ "ተሰማ በሩን ከፍቶ ገባ። ዳኛውን አየና ኮፍያውን አወለቀ።" ይኸው በልጁ አፍ ሲነገር፦ "አባባ በሩን ከፍተው ገቡ። ዳኛውን አዩና ኮፍያቸውን አወለቁ።" እያንዳንዱ ግስ ተለወጠ። አንቱታው ደግሞ ከብዙ ቁጥር ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው በሞላበት ችሎት ውስጥ "ተነሡ" ሲል የተነሡት አባባ ናቸው ወይስ ሕዝቡ? አንባቢው ይደናገራል። መፍትሔው "አባባ" የሚለውን ደጋግሞ መጥራት፣ ወይም ብዙ ሰዎች የሚንቀሳቀሱበትን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ማቆም፣ ወይም ከመነሻው ልጁ አባቱን በአንተታ የሚጠራ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ምርጫ ስለ ቤተሰቡ ብዙ ይናገራል፤ በሊ መጽሐፍም ልጆቹ አባታቸውን "አቲከስ" እያሉ በስሙ ነው የሚጠሩት፣ ይህም የሰውዬውን ጠባይ ገና ሳንተዋወቀው ይነግረናል።

ስለዚህ ሙሉውን መጽሐፍ ከመገልበጥ በፊት ሙከራ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ያለበትን አንድ ትዕይንት መርጦ 3 ገጽ በአንዱ ተራኪ፣ 3 ገጽ በሌላው መጻፍ፤ ከዚያ ሁለቱንም ጮክ ብሎ ማንበብ። ልዩነቱ የሚሰማው በጆሮ ነው።

አዲሱ ረቂቅ በአሮጌው ፋይል ላይ አይሠራም። በሊ ዘመን ጽሕፈት መኪና ይህን ግድ ያደርገው ነበር፤ ምዕራፍን መለወጥ ማለት ምዕራፉን እንደገና መምታት ነው። ዛሬ አዲስ ባዶ ፋይል ከፍቶ፣ አሮጌውን አትሞ በግራ በኩል አስቀምጦ፣ የሚፈለገውን ዓረፍተ ነገር እንኳ በእጅ እንደገና መተየብ ይሻላል። ኮፒ የተደረገ አንቀጽ አሮጌውን ተራኪ ይዞ ይመጣል፤ የሚተይብ ጣት ግን የማይሆነውን ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ፋይሉን ቀን ሰጥቶ ማስቀመጥ፣ አሮጌውን አለማጥፋት። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ምዕራፍ ካለ አሁኑኑ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፤ ካልሆነ ስልክ ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የገጸ ባሕርያቱን ስም አጻጻፍም በአንድ ወረቀት መወሰን፤ አንድ ቦታ "ሐና" ሌላ ቦታ "ሃና" ከተባለች የኮምፒውተሩ ፍለጋ ግማሿን አያገኛትም፣ በተራኪ ለውጥ ጊዜም ያልተነኩ ገጾች ተደብቀው ይቀራሉ።

በረዶው ላይ የወደቀው ረቂቅ

የሊ ሥራ ከሁለት ዓመት በላይ ረቂቅ በረቂቅ ቀጠለ። ርእሱም ለጊዜው "አቲከስ" ሆኖ ነበር። በዚህ መሃል በአንድ የክረምት ሌሊት የሆነው በሕይወት ታሪኳ በሰፊው ይነገራል። ገጾቹን ሰብስባ በመስኮት በረዶው ላይ ወረወረቻቸው፤ ወዲያው ሆሆፍ ዘንድ ደወለች። ሆሆፍ አሁኑኑ ወርደሽ ልቀሚ አለቻት። ወርዳ ለቀመች።

በዚያ ሰዓት ያዳናት ምክር ስለ ታሪኩ የተሰጠ አልነበረም፤ ረቂቁን ከእሷ በተሻለ የሚያምንበት ሰው በስልኩ ጫፍ መኖሩ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ቦታ ባዶ ነው። ብዙ ደራሲ የማሳተሚያውን ገንዘብ ራሱ ይከፍላል፤ አርታኢ የሚጠራው መጽሐፉ አለቀ ከተባለ በኋላ ነው፣ የሚሰጠውም ሥራ ብዙ ጊዜ ፊደል ለቀማ ነው። መዋቅሩን ሊፈታ የሚችለው ሰው የሚመጣው ልስኑ ከደረቀ በኋላ ነው ማለት ነው። ከኪስ የሚወጣውን ገንዘብ ከፋፍሎ የተወሰነውን ለመጀመሪያው ረቂቅ ንባብ መመደብ፣ ሽፋን ላይ ከሚወጣው ይልቅ ይጠቅማል።

አርታኢ ካልተገኘ፣ ብዙ ልብ ወለድ የሚያነብ፣ ጸሐፊውን ለማስደሰት የማይጨነቅ አንድ ሰው ይበቃል። አሥር ሰው አያስፈልግም፤ አሥር አስተያየት እርስ በርሱ ይጣላል። "እንዴት ነው?" ተብሎ አይጠየቅም፤ መልሱ "ጥሩ ነው" ይሆናል። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ የትኛው ገጽ ላይ አስቀምጠኸው ተነሣህ? ለሌላ ሰው ብታወራ ከየትኛው ክፍል ትጀምራለህ? የትኛው ሰው የት ደረሰ ብለህ አሰብህ? ሁለተኛው ጥያቄ ሆሆፍ በልጅነት ትዝታዎቹ ላይ ያገኘችውን ነገር ያወጣል።

የጊዜው ስሌትም በግልጽ ይነገር። ሊ በኋላ በሰጠችው ቃለ ምልልስ፣ 8 ሰዓት በደንብ የሠራችበት ቀን የማይጣል አንድ ገጽ ያህል እንደሚሰጣት ተናግራለች። በዚህ ፍጥነት 250 ገጽ መጽሐፍ 250 መልካም ቀን ይወስዳል፤ በሳምንት 5 ቀን ቢሠራ 50 ሳምንት። ከሥራ መልስ 2 ሰዓት ብቻ ላለው ሰው አንድ ገጽ 4 ማታ ይሆናል። በሳምንት 50 ገጽ የጻፈችውም፣ በቀን አንድ ገጽ የምታተርፈውም ያችው ሴት ናት። ልዩነቱ የረቂቁ ደረጃ ነው። "በ3 ወር እጨርሳለሁ" የሚል ቀጠሮ ለመጀመሪያው ረቂቅ ይሠራል፤ ያንኑ ቀጠሮ ለመጨረሻው የሰጠ ሰው ግን በአራተኛው ወር ራሱን ሰነፍ ብሎ ሰድቦ ይተወዋል፣ ስንፍና ሳይኖርበት።

መጽሐፉ በ1959 መጨረሻ አካባቢ ተጠናቀቀ። ጁላይ 11 ቀን 1960 ታተመ፤ በ1961 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ እስከ ዛሬ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። የመጀመሪያው ረቂቅ ደግሞ ጁላይ 2015 ያለ ብዙ አርትዖት ለብቻው ታትሞ ወጣ። ብዙ አንባቢ ተከታይ ክፍል መስሎት ተከፋ፤ ለሚጽፍ ሰው ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ የማይገኝ ትምህርት ቤት ነው። ዘመኑ፣ ተራኪዋ፣ ፍርዱ፣ የአባትየው መልክ ሁሉ ተለውጠው ሳለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እምብዛም ሳይነኩ የተሻገሩ አንቀጾች አሉ። አክስት አሌክሳንድራ የተገለጸችበት አንዱ ነው። ሌላው የሜይኮም ከተማ አመሠራረት ወግ ነው፦ ባለ መጠጥ ቤቱ ሲንክፊልድ የመንግሥት ቀያሾችን አንድ ምሽት ያሰክራቸዋል፤ ካርታቸውን ያስዘረጋቸዋል፤ ከዚህ ትንሽ ቆርጦ፣ እዚያ ትንሽ ጨምሮ የአውራጃውን መሃል ወደ ደጃፉ ያስጠጋዋል።